የቆመ ጣውላ፣ የተኛ ጣውላ

ቆጡ ላይ እህል የሚያከማች ቤት አንድ ሲባጎ፣ ሁለት ሚስማርና አንድ ማስመሪያ አያጣም። ሚስማሮቹ በተሸካሚው እንጨት ጎን ላይ፣ አንዱ በዚህ ጫፍ አንዱ በዚያ ጫፍ፣ ከታችኛው ጠርዝ ልክ 2 ሳ.ሜ ከፍ ብለው ይመታሉ። ሲባጎው በመካከላቸው ጥብቅ ተደርጎ ይወጠራል። ከዚያ መሐሉ ላይ ከሲባጎው እስከ እንጨቱ ታችኛ ጠርዝ ድረስ ይለካል። 2 ሳ.ሜ ከሆነ እንጨቱ ቀጥ እንዳለ ነው። 3 ከሆነ 1 ሳ.ሜ ጎብጧል። 5 ከደረሰና የእንጨቱ ርዝመት 3 ሜትር ገደማ ከሆነ፣ ከላይ ያለው እህል ሳይውል ሳያድር ይውረድ፤ ከሥሩ የሚተኛም ሰው ቦታ ይቀይር።

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከደብረ ብርሃን እስከ መሐል ሜዳ፣ ከደነባ እስከ እነዋሪ፣ ግድግዳው ድንጋይም ይሁን ጭቃ፣ ከላይ የሚሸከመው በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ነው። እንጨቱ የሚመረጠው በዐይን ነው። «ወፍራም ነው፣ ይችላል» ተብሎ ይገዛል፣ በጋሪ ወይም በአህያ ይመጣል፣ ይሰቀላል። ከዓመት በኋላ ቆጡ ሲረግብ፣ የቆርቆሮው መስመር እንደ ማዕበል ሲሆን፣ በሩ ከላይ እየተያዘ አልከፈት ሲል ጥፋቱ ወደ እንጨቱ ይዞራል። «እንጨቱ ደካማ ነበር» ይባላል። እኔ የማምነው ግን ሌላ ነው፤ ብዙውን ጊዜ እንጨቱ ደካማ አልነበረም። የተሳሳተው አቀማመጡ ነው፤ ወይም ከድጋፍ እስከ ድጋፍ የተተወው ርቀት ነው።

በመጀመሪያ ሁለት ነገር እንለይ። ጥንካሬ ማለት እንጨቱ ሳይሰበር የሚችለው ጭነት ነው። ግትርነት ደግሞ ጭነት ሲመጣበት ምን ያህል አልጎብጥም ይላል የሚለው ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ባሕር ዛፍ ለመሰበር አስቸጋሪ እንጨት ነው፤ ከመሰበሩ በፊት ብዙ ይጎብጣል። ስለዚህ በቤታችን ውስጥ ቀድሞ የሚታየው ጣጣ ስብራት ሳይሆን ጉብጠት ነው። አናጢው «አይሰበርም» ሲል እውነቱን ነው፤ የተጠየቀው ጥያቄ ግን ሌላ መሆን ነበረበት።

ሦስት ልኮች አሉ። ርዝመት የምለው ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለውን ባዶ ርቀት ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የገባው አይቆጠርም። ቁመት የምለው እንጨቱ ከተሰቀለ በኋላ ከላይ ወደ ታች የሚለካውን ነው። ስፋት ከጎን ወደ ጎን ያለው ነው። ጉብጠትን በተመለከተ እነዚህ ሦስቱ እኩል ሥልጣን የላቸውም። ስፋት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ግማሽ ይሆናል። ቁመት እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ አንድ ስምንተኛ ይሆናል። ርዝመት እጥፍ ሲሆን ደግሞ፣ በእያንዳንዱ ሜትር ላይ ያለው ጭነት ያው ከሆነ፣ ጉብጠቱ አሥራ ስድስት እጥፍ ያድጋል።

ቁመት ለምን ይህን ያህል ይበልጣል? እንጨት ሲጎብጥ የላይኛው ጎኑ ይጨመቃል፣ የታችኛው ጎኑ ይለጠጣል፣ መሐሉ ላይ ያለው ቃጫ ግን ከሞላ ጎደል ሥራ ፈት ነው። ይህን በዐይን ለማየት ወፍራም የማጠቢያ ስፖንጅ ይወሰድና በጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ትይዩ የሆኑ ቋሚ መስመሮች ይሰመሩበት። ሁለቱን ጫፍ ይዞ ወደ ታች ሲያጎብጡት መስመሮቹ ከላይ ይቀራረባሉ፣ ከታች ይራራቃሉ፣ ከመሐል ባሉበት ይቀራሉ። ጭነቱን የሚታገሉት ዳርና ዳር ያሉት ቃጫዎች ናቸው። ቁመቱ ሲጨምር ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል፤ ቃጫው ይበዛል፣ እያንዳንዱ ቃጫ ከመሐሉ ስለራቀ ለአንድ ዓይነት ጉብጠት የበለጠ መለጠጥ ወይም መጨመቅ ግድ ይሆንበታል፣ እንደገናም ስለራቀ እንደ ረጅም ዘንግ ጉልበቱ ይበረታል። ሦስቱ ሲባዙ ነው ቁመት ሦስት ጊዜ በራሱ የሚባዛው።

አሁን ወደ ቁጥር። አራት ማዕዘን እንጨት ሲሆን የቅርጹ ልክ የሚገኘው ስፋትን በቁመት፣ በቁመት፣ እንደገና በቁመት አባዝቶ ለ12 በማካፈል ነው። ሁለቱ ጫፎቹ ዝም ብለው ተደግፈው፣ ጭነቱ በእኩል ለተዘረጋበት እንጨት የመሐሉ ጉብጠት እንዲህ ይሰላል፦ 5 ሲባዛ በአንድ ሳ.ሜ ያለው ጭነት፣ ሲባዛ ርዝመት አራት ጊዜ በራሱ፤ ይህ ሁሉ ሲካፈል ለ384 ሲባዛ የእንጨቱ ዓይነት ግትርነት (ቅርጹ ሳይቆጠር) ሲባዛ የቅርጹ ልክ። ለደረቅ ባሕር ዛፍ ግትርነት በካሬ ሳ.ሜ 100,000 ኪ.ግ ብሎ መያዝ ጥንቃቄ ያለበት ግምት ነው።

የእነዋሪን ወይም የጅሩን ዓይነት የስንዴ ቤት እንውሰድ። ቆጡ ላይ የተኛ አንድ የኩንታል ጆንያ ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ይይዛል፤ ስለዚህ ሳይደራረብ አንድ ንጣፍ የተኛ ጆንያ በካሬ ሜትር 200 ኪ.ግ ገደማ ነው። ተሸካሚዎቹ በየ50 ሳ.ሜ ከተደረደሩ እያንዳንዱ በሜትር 100 ኪ.ግ ይደርሰዋል፤ የወለሉ ጣውላና የራሱ ክብደት ሲጨመር 120 እንበለው። ርዝመቱ 3 ሜትር፣ እንጨቱ 5 በ15 ሳ.ሜ ጣውላ ነው። ጣውላው በጎኑ ከቆመ፣ ማለትም 15ቱ ቁመት ከሆነ፣ የቅርጹ ልክ 1,406 ነው፤ ጉብጠቱም 9 ሚ.ሜ ይመጣል። ያው ጣውላ በገጹ ከተኛ ግን የቅርጹ ልክ 156 ብቻ ነው፤ ጉብጠቱ 8 ሳ.ሜ ያልፋል። ዘጠኝ እጥፍ! እንጨቱ ያው፣ ዋጋው ያው፣ ክብደቱ ያው።

ይህን ስሕተት የሚሠራ ሰው የማያስብ ሰው አይደለም። የተኛ ጣውላ ግድግዳው ላይ ሲቀመጥ አይንከባለልም፣ ሚስማር ለመምታት ገጹ ሰፊ ነው፣ ሲያዩትም «ሰፊ ስለሆነ ይሸከማል» ያሰኛል። የቆመ ጣውላ በበኩሉ ወደ ጎን መገልበጥ ይወዳል። መፍትሔው ግን ማስተኛት አይደለም። በየተሸካሚዎቹ መካከል፣ ቁመታቸው ከተሸካሚው ጋር የሚስተካከል አጫጭር ቁራጮች ጫፍና ጫፍ ላይ፣ ርዝመቱ ከ2 ሜትር ተኩል ካለፈም አንድ ረድፍ መሐል ላይ፣ ተጣብቀው ይመታሉ። እነዚህ ቁራጮች እንዳይገለበጥ ከመያዛቸውም ሌላ፣ አንዱ ተሸካሚ ላይ የወደቀውን ጭነት ለጎረቤቶቹ ያካፍላሉ።

ለጣሪያ የሚሆነው 5 በ7 ሞራሌም ያው ነው፤ ልዩነቱ ግን ያን ያህል አይገንም። 7ቱ ቁመት ሲሆን የቅርጹ ልክ 143፣ 5ቱ ቁመት ሲሆን 73 ነው። ሞራሌውን በማዞር ብቻ ጉብጠቱ ግማሽ ይሆናል ማለት ነው። በጣርማ በር ንፋስ ቆርቆሮው ወደ ላይ ሲነሣም ያው ሒሳብ ይሠራል፤ ጭነቱ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ ሞራሌው የሚታገለው በዚያው ቁመቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በአጽንዖት ልናገር። የእንጨት መግዣ የተወሰነ ገንዘብ ካለ፣ ቁመት ይገዛበት። ከላይ ያለውን 5 በ15 ወደ 6 በ15 ብናሳድገው እንጨቱ በአንድ አምስተኛ ይጨምራል፤ ጉብጠቱ ከ9 ወደ 7.5 ሚ.ሜ ይወርዳል። ያንኑ ያህል እንጨት ቁመት ላይ ብንጨምረው፣ ማለትም 5 በ18 ብናደርገው፣ ጉብጠቱ 5.2 ሚ.ሜ ይሆናል።

9 ሚ.ሜ ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? መሐንዲሶች ለወለል በተለምዶ የሚፈቅዱት ከርዝመቱ ከ250 አንድ እስከ 360 አንድ ባለው ውስጥ ነው። ለ3 ሜትር ከ12 እስከ 8 ሚ.ሜ መሆኑ ነው። ስለዚህ 9 ሚ.ሜ ያስኬዳል፤ ግን ይህ እህሉ በተጫነበት ቀን የሚታየው ነው። ወደ ጊዜ ጉዳይ እመለሳለሁ።

ርዝመት ከሁሉም የከፋው ነው። ያው 5 በ15 ጣውላ፣ ያው ጭነት፣ ክፍሉ 3 ሳይሆን 4 ሜትር ቢሆን ጉብጠቱ ከ9 ወደ 28 ሚ.ሜ ይዘልላል። አንድ ሜትር ብቻ ተጨምሮ ሦስት እጥፍ! «ሳሎኑ ትንሽ ሰፋ ይበል» የምትለው ቃል እንጨቱ ላይ የምታመጣው ይህን ነው። በተቃራኒው 3 ሜትሩ መሐል ላይ አንድ ቋሚ ቢቆም እያንዳንዱ ክፍል 1.5 ሜትር ይሆናል፤ ጉብጠቱም ወደ ግማሽ ሚ.ሜ ይወርዳል። የአንድ አጣና ዋጋ ያለው ቋሚ፣ ሁሉንም ተሸካሚዎች በእጥፍ ከማወፈር ይበልጣል። አባቶቻችን የሣር ቤት መሐል ላይ ምሰሶ ሲተክሉ ይህን አላሰሉትም፤ ያደረጉት ግን ይህንኑ ነው። ዛሬ ምሰሶ ቤት ያጠባል ተብሎ ይነቀላል። ይነቀል፤ ነገር ግን በቦታው የሚገባው ቁመት ይገዛ።

ጭነቱ የተዘረጋ ሳይሆን አንድ ቦታ ላይ ያረፈ ሲሆን ርዝመት የሚባዛው አራት ሳይሆን ሦስት ጊዜ ነው። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነው በክረምት ጉድባ ላይ የሚዘረጋው ግንድ ነው። 6 ሜትር ርቀት ላይ፣ ጭነቷን ይዛ 200 ኪ.ግ የምትመዝን አህያ መሐሉ ላይ ስትደርስ፣ ክብደቷን ሁሉ የተሸከመው አንድ ግንድ 15 ሳ.ሜ ከሆነ 3.6 ሳ.ሜ ይጎብጣል፤ 20 ሳ.ሜ ከሆነ ግን 1.1 ሳ.ሜ ገደማ ብቻ። አህያ እግሯ ሥር የሚወዛወዝ ነገር አትወድም፤ መሐል ላይ ቆማ አልሄድም ስትል ብዙ ጊዜ እልህ አይደለም፤ ግንዱን ማየት ነው።

ስለ ክብ እንጨት ይህን ካነሣን፣ ሰፋ አድርገን እንየው፤ የደጋው ቤት አብዛኛው እንጨት ያልተሰነጠቀ አጣና ነውና። ክብ እንጨት ላይ ስፋትና ቁመት አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ያው ውፍረት ነው። ስለዚህ ውፍረቱ አራት ጊዜ በራሱ ይባዛል። 10 ሳ.ሜ አጣና የቅርጹ ልክ 491 ነው፤ 12 ሳ.ሜ ደግሞ 1,018። ሁለት ሳ.ሜ ብቻ ጨምሮ ከእጥፍ በላይ! ሁለት ባለ10 አጣና ጎን ለጎን ቢቀመጡ አንድ ባለ12 አያህሉም፤ ሊያህሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። እንጨት ሲገዛ ብዛት ሳይሆን ውፍረት መቁጠር የሚሻለው ለዚህ ነው።

ክብ እንጨትን በዐይን መገመት አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው። 10 ሳ.ሜ የመሰለ አጣና በእውነት 9 ሳ.ሜ ቢሆን ከግትርነቱ አንድ ሦስተኛው ጠፍቷል። ማስመሪያ ጫፉ ላይ መደገን አይበቃም፤ አጣና ከሥሩ ወፍራም፣ ወደ አናቱ ቀጭን ነው፤ ሻጭም የሚያሳየው ወፍራሙን ነው። የሚለካው ሲሰቀል ባዶው ርቀት መሐል ላይ የሚውለው ቦታ ነው። ሲባጎ አንድ ዙር ይጠመጠምና ርዝመቱ ለ3.14 ይካፈላል፤ ወይም ሲባጎው ላይ አስቀድሞ ቋጠሮ ይሠራበታል። 31.4 ሳ.ሜ ላይ ያለው ቋጠሮ ባለ10ን፣ 37.7 ላይ ያለው ባለ12ን፣ 44 ላይ ያለው ባለ14ን ይለያል። ልጡ ተልጦ ይለካ፤ ልጥ አይሸከምም። ሲሰቀሉም ወፍራም ጫፎቹ ሁሉ ወደ አንድ ግድግዳ እንዳይሄዱ ማፈራረቅ ይገባል፤ አለበለዚያ ወለሉ በአንድ በኩል ይረግባል።

ይህ ያው ሕግ ነቀዝና ምስጥ ላይም ይሠራል፤ ለእኔ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ብዙ የሚያስገርመኝም ይህ ነው። የ12 ሳ.ሜ አጣና ውስጡ 6 ሳ.ሜ ያህል ተቦርቡሮ ባዶ ቢሆን ከግትርነቱ የሚጠፋው 6 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ዙሪያውን 1 ሳ.ሜ ብቻ ቢበላ ግን 10 ሳ.ሜ ይቀራል፤ ከግማሽ በላይ ግትርነቱ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ፣ ምስጥ ግድግዳውን ይዞ በሚወጣበት አገር፣ የሚያሳስበው የውጭው ቅርፊት ነው። የጣት ጥፍር ወይም ቢላ ጫፍ እንጨቱ ላይ ተጭኖ ግማሽ ሳ.ሜ ከገባ፣ ያ ግማሽ ሳ.ሜ በዙሪያው ሁሉ እንደሌለ ተቆጥሮ እንደገና ይሰላ። ጫፎቹ ግድግዳው ላይ የሚያርፉበት ቦታ ግን የተለየ ነው፤ እዚያ ውስጡም ቢበላ እንጨቱ ስለሚጨፈለቅ ባዶነቱ ይጎዳል።

ግንድ ለማስሰንጠቅ መጋዝ ቤት የሚወስድ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይወቅ። «አራት ማዕዘን አድርግልኝ» ብሎ እኩል ጎን ማስወጣት ኪሳራ ነው። ከ20 ሳ.ሜ ግንድ የሚወጣው ትልቁ እኩል ጎን 14.1 በ14.1 ነው፤ የቅርጹ ልክ 3,333። ከዚያው ግንድ 10 በ17.3 ቢወጣ የቅርጹ ልክ 4,330 ይሆናል። ከአንድ ክብ ግንድ የሚወጣው ከሁሉ ግትሩ ቅርጽ ይኸው ነው፤ ስፋቱ የግንዱ ውፍረት ግማሽ የሆነ። የሚያሳስበው ጉብጠት ሳይሆን ስብራት ከሆነ ደግሞ 11.5 በ16.3 ይሻላል። ግንዱ ሳይጠረብ እንዳለ ቢሰቀል ግን 7,854 ነበር። ጠፍጣፋ ገጽ የሚያስፈልገው ወለል ለመምታት ብቻ ከሆነ፣ ከላይ ትንሽ ገጽ ተጠርቦ ሌላው ክብ እንደሆነ ቢቀር ብዙ ይተርፋል።

አሁን ወደ ተደራራቢ እንጨት። አንዱ አልችል ሲል ሌላ ከላዩ ተደርቦ በሽቦ ይታሰራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ እንጨት ላይ ግን ማበር ማለት አለመንሸራተት ነው። ሁለት 5 ሳ.ሜ ውፍረት ያላቸው ጣውላዎች ተደራርበው ሲጎብጡ ጫፋቸውን ላየ ሰው፣ የላይኛው ከታችኛው ላይ ትንሽ ሲንሸራተት ይታያል። ሲንሸራተቱ እያንዳንዱ ለራሱ እንጂ እንደ አንድ 10 ሳ.ሜ እንጨት አይታገልም፤ ድምራቸው የአንዱ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። ፈጽሞ እንዳይንሸራተቱ በጥሩ የእንጨት ኮላና በቡሎን ቢያዙ ስምንት እጥፍ ይሆኑ ነበር። ሽቦ ምንም አያደርግም፤ ሚስማር ትንሽ ይረዳል፤ ሚስማር ቢመታም ብዙ የሚያስፈልገው ከመሐል ይልቅ ወደ ጫፎቹ ነው፤ መንሸራተት የሚበረታው እዚያ ነውና። ኮላና ቡሎን ከሌለ ሁለተኛው ጣውላ ከላይ ከመደረብ ይልቅ ቆሞ ከጎን ይለጠፍ።

ስለ ጊዜ እንናገር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከተቆረጠ በሳምንቱ ተሰቅሎ ጭነት ከመጣበት፣ መጀመሪያውኑ ከደረቁ ያነሰ ግትርነት አለው፤ ከዚያም ጎብጦ ሳለ ይደርቃል፤ ሲደርቅም የጎበጠበትን ቅርጽ ይይዛል። ጭነቱ ቢነሣ እንኳ ተመልሶ አይቃናም። ደረቅ እንጨትም ቢሆን ጭነት ለዓመታት ሲቀመጥበት ጉብጠቱ ከመጀመሪያው ቀን ወደ እጥፍ ሊደርስ ይችላል፤ እርጥቡ ከዚያም ያልፋል። ከላይ ያልነው 9 ሚ.ሜ ከጊዜ በኋላ 18 ሚ.ሜ መሆኑን አስቀድሞ ማሰብ ይገባል። ለዚህ ነው የእህል ቆጥ ከመኝታ ቤት ወለል የበለጠ ቁመት የሚሻው፤ ሰው ይመጣል ይሄዳል፤ ኩንታል ግን ከመኸር እስከ ክረምት አይነሣም።

የደብረ ብርሃን በጋ ቀኑ ደረቅ፣ ፀሐዩ የሚያቃጥል፣ ሌሊቱ ውርጭ ነው። እንጨት በዚህ ፀሐይ ላይ ቢጣል ውጩ ቶሎ ይደርቃል፣ ውስጡ እርጥብ ይቀራል፣ ከጫፍ ጀምሮ ይሰነጠቃል፣ ይጠማዘዛልም። ጥላ ውስጥ፣ ከመሬት ሁለት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ በየድርቡ መካከል ቀጫጭን ቁራጮች ገብተውበት ንፋስ እንዲያልፍ ሆኖ ይደርደር፤ ጫፎቹ በቀለም ወይም በተቃጠለ የሞተር ዘይት ይቀቡ። ከላዩ ድንጋይ ይጫንበት፤ ሲደርቅ እንዳይጠማዘዝ ይይዘዋል። ሲሰቀል ደግሞ እያንዳንዱ በዐይን ይታይ፤ ከጫፍ ወደ ጫፍ ሲያዩት ወደ አንድ ጎን ትንሽ ቀስት ያለው ይሆናል። ቀስቱ ወደ ላይ ይሁን። ጭነቱ ሲመጣ ወደ ቀጥታው ይመለሳል። ወደ ታች የተሰቀለ ቀስት ግን ጭነት ሳይመጣ ጉብጠቱን የጀመረ ነው።

እንጨቱን የሚጎዳ ቁርጥም አለ። ቧንቧ ወይም የመብራት ገመድ ለማሳለፍ ከታች፣ መሐል ላይ፣ ከቁመቱ ሩብ ያህል ቢቆረጥ እዚያ ቦታ ላይ የቀረው ግትርነት 42 በመቶ ነው፤ ከዚህም የሚብሰው ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ማዕዘን መሆኑ ነው። ቀዳዳ ካስፈለገ ሥራ ፈት ባልነው መሐለኛ ቁመት ላይ ይበሳ።

ብረት ላይ በያጆች የሚነግሩን አንድ ስሕተት አለ፤ «ጠንካራ ብረት ተጠቀሙ፣ አይጎብጥም» የሚል። የብረት ግትርነት ከደረቅ ባሕር ዛፉ ግምታችን 21 ጊዜ ያህል ይበልጣል፤ ነገር ግን ተራውም ብረት ከፍተኛ ጥንካሬ ያለውም ብረት ግትርነታቸው ያው ነው። ጥንካሬ ስብራትንና ዘላቂ ጥምዘዛን ያርቃል እንጂ ጉብጠትን አይቀንስም። ጉብጠትን የሚቀንሰው ቅርጽ ነው። 40 በ60 ሚ.ሜ ቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ የሆነ አራት ማዕዘን ብረት) በ2 ሚ.ሜ ውፍረት፣ 60ው ቆሞ፣ የቅርጹ ልክ በሳ.ሜ ሲሰላ 19.3 ነው። ውፍረቱን ወደ 3 ሚ.ሜ ብናሳድግ ብረቱ በ47 በመቶ ይከብዳል፤ ልኩ 27.4 ይሆናል። በዚህ ፈንታ 40 በ80 በዚያው 2 ሚ.ሜ ብንገዛ ብረቱ በ21 በመቶ ብቻ ይከብዳል፤ ልኩ ግን 39 ይደርሳል። ቁመት እዚህም ያው ንጉሥ ነው። ሲገዛ ግን ውፍረቱ በካሊፐር ይለካ፤ 2 የተባለው 1.6 ከሆነ ሒሳቡ ሁሉ ፈርሷል። የቱቦው ጠርዝ ቀጭን ሲሆን ድጋፉ ላይ ይሰረጉዳል፤ እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ላሜራ መበየድ ይረዳል።

ኮንክሪት ላይ ብዙ አልቆይም፤ መሐንዲስ የሚጠየቅበት ነው። አንድ ሁለት ነገር ግን ዝም ብሎ ማለፍ አልችልም። ቢሙ ከጣሪያው ወጥቶ እንዳይታይ «ይደበቅ» ተብሎ 25 በ40 ሳ.ሜ የነበረው 40 በ25 ሆኖ ሲተኛ፣ ሲሚንቶው ሳይቀነስ ግትርነቱ ሁለት ተኩል ጊዜ ያንሳል። ለመነሻ ግምት፣ በሁለት ጫፍ ዝም ብሎ የተደገፈ ቢም ቁመቱ ከርዝመቱ አንድ 16ኛ በታች እንዳይሆን፣ በአንድ ጫፍ ብቻ ተይዞ አየር ላይ የወጣ ደግሞ ከአንድ ስምንተኛ እንዳያንስ ይባላል። 4 ሜትር ሲሆን 25 ሳ.ሜ፣ 1.2 ሜትር ወደ ውጭ ሲወጣ 15 ሳ.ሜ መሆኑ ነው። በአንድ ጫፍ የተያዘ ነገር፣ በእኩል ርዝመትና በእኩል ጭነት፣ በሁለት ጫፍ ከተደገፈው አሥር ጊዜ ያህል ይጎብጣል፤ ለዚህ ነው የወጣ በረንዳ ላይ ቀልድ የሌለው። የበረንዳው ፌሮ ከላይ ነው የሚሆነው፤ መለጠጥ ያለው እዚያ ነውና። 12 ሳ.ሜ ሶሌታ (የኮንክሪት ወለል) ላይ ኮንክሪት ሲፈስ ሠራተኛ ረግጦት 3 ሳ.ሜ ወደ ታች ቢወርድ ጥንካሬው ወደ ሁለት ሦስተኛ፣ ግትርነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ከላዩ መራመጃ ጣውላ ይዘርጋ፣ ከሥሩም በየግማሽ ሜትሩ የፌሮ እግር ይቁምለት።

በደጋው ብርድ ኮንክሪት ጥንካሬውንም ግትርነቱንም ቀስ ብሎ ነው የሚያገኘው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የፈሰሰ ሶሌታ በቆላው ልማድ ደጋፊ አጣናው ቢነሣ፣ ያን ቀን የጎበጠው ከዚያ በኋላ አይመለስም። ሌሊት በጆንያ ወይም በገለባ ይሸፈን፤ ደጋፊውም ከልማዱ በላይ ይቆይ። ሲነሣም ሥርዓት አለው፤ በሁለት ጫፍ የተደገፈው ከመሐል ጀምሮ ወደ ድጋፎቹ፣ የወጣው በረንዳ ከጫፉ ጀምሮ ወደ ግድግዳው። ተገላቢጦሽ ከተነሣ ኮንክሪቱ ባልታሰበለት በኩል ይሸከማል፣ ፌሮ በሌለበት ይሰነጠቃል።

አንድ ጊዜ የጎበጠ ቆጥስ? መጀመሪያ ጭነቱ ይውረድ። ከሥሩ ሰፊና ጠፍጣፋ ድንጋይ ጠንካራ መሬት ላይ ይነጠፍ፤ ጭቃ ወለል ላይ በቀጥታ የቆመ ቋሚ ራሱ ይሰምጣል። በድንጋዩ ላይ የመኪና ክሪክ፣ በክሪኩ ላይ አጭር ግንድ፣ በግንዱ አናት ሁሉንም ተሸካሚዎች በአንድ የሚይዝ ወፍራም አግዳሚ ቆሞ ይቀመጥ። ከዚያ በቀን 2 ወይም 3 ሚ.ሜ ብቻ ይነሣ። በአንድ ቀን 3 ሳ.ሜ ማንሣት ግድግዳውን ይሰነጥቃል፣ ቆርቆሮውን ከሚስማሩ ያላቅቃል። እንጨቱ ለዓመታት ስለጎበጠ ሙሉ በሙሉ አይቃናም፤ ግማሹ ከተመለሰ ይበቃል። ከዚያ ወይ ቋሚው እዚያው ይቀራል፣ ወይ ከእያንዳንዱ አሮጌ ተሸካሚ ጎን ቁመቱ የሚበልጥ አዲስ ጣውላ በጎኑ ቆሞ፣ ጫፎቹ በሁለቱም በኩል ግድግዳው ላይ አርፈው፣ በየ40 ሳ.ሜ በቡሎን ይጣበቃል። ግድግዳው ሳይደርስ አጥሮ የቀረ ጣውላ የተሰቀለው በአሮጌው ላይ ነው፤ ከግድግዳው እስከ እርሱ ያለውን ርቀት አሮጌው እንደ ድሮው ብቻውን ይሸከማል። ክሪኩ የሚወርደው ሁሉም ቡሎን ከጠበቀ በኋላ ነው።

ያን ጊዜ ሲባጎው እንደገና ይወጠር፣ ልኩ እንጨቱ ጎን ላይ ከቀኑ ጋር በእርሳስ ይጻፍ። እህሉ በተመለሰ ማግስት አንድ ጊዜ፣ ሰኔ ሲገባ አንድ ጊዜ፣ በዓመቱ አንድ ጊዜ ይለካ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ትልቁ ይሆናል፤ ከዚያ እያነሰ ይሄዳል። በሦስተኛው ልኬት ላይ ልዩነቱ ከበፊቱ በልጦ ከተገኘ እንጨቱ እየተበላ ወይም እየተሰነጠቀ ነው፤ ቢላውን ይዞ ዙሪያውን መፈተሽ ያስፈልጋል።